የአንባቢያን ጥያቄ፦ ቮልሷ ዓመታት ቆማለች፣ ላስነሳት?

ሰላም ናችሁ ወዳጆቼ። በዚህ ወር የመጡት ጥያቄዎች ብዙ ናቸው ግን ግማሾቹ ዞረው ዞረው አንድ ናቸው፣ ቆሞ የከረመ መኪና ወይ ሞተር ሳይክል አለኝ ምን ላድርግ የሚሉ። ስለዚህ እሱን ዘርዘር አድርጌ ሌላውን ቶሎ ቶሎ ላልፈው ነው፣ አጭር መልስ የደረሰው እንዳይቀየመኝ።

ጥያቄ፦ ጋሼ እንዴት ኖት። አባቴ ሲያርፍ ቮልሱን ለኔ ነው የተወልኝ፣ እሱ ከታመመ ጀምሮ ማንም አልነካትም በሸራ ተሸፍና ቆማ ነው ያለችው። አዲስ ባትሪ ገዝቻለሁ፣ ቅዳሜ ጓደኞቼ ሊመጡ ነው፣ ገፍተንም ቢሆን እናስነሳት?

መልስ፦ ነፍሱን ይማረው ልጄ። ጓደኞችህን ጥራቸው፣ ባትሪውን ግን ለጊዜው አስቀምጠው። ሰው ሁሉ ቆማ ስለከረመች መኪና መጀመሪያ የሚጠይቀው ትነሳለች ወይ ብሎ ነው፣ እኔ ደሞ ሁሌም ትቆማለች ወይ ብዬ ነው የምጀምረው፣ ያልተነሳች መኪና ማንንም አትገጭማ። የፍሬን ዘይት ከአየር እርጥበት ይስባል፣ ተፈጥሮው ነው፣ ዶት 4 የሚባለው አዲስ ሲሆን እስከ 230 ዲግሪ ሳይፈላ ይችላል እርጥበት ሲጠጣ ግን ወደ 155 ይወርዳል፣ ለዛ ነው በሁለት ዓመት አንዴ ቀይሩት የሚባለው፣ ያንተ ስንት ዓመት እንደተኛ አስበው። ያ እርጥበት ደሞ ዝም ብሎ አይቀመጥም፣ በየጎማው ውስጥ ያለችውን ትንሿን የፍሬን ሲሊንደር ከውስጥ ያዝጋታል። ከውጭ ብታያት ምንም አትልም። ጎማውን ፈተህ፣ ከበሮውን አውልቀህ፣ የሲሊንደሯን ጫፍ የሸፈነችውን ላስቲክ በጥፍርህ ገለጥ ስታደርጋት ነው ቡናማ ጭቃ መሳይ ነገር ጣትህ ላይ የሚቀረው። እሱን ካየህ አራቱንም ቀይር፣ የላስቲክ ቱቦዎቹንም አብረህ ቀይር፣ ያረጀ ቱቦ ውስጡ አብጦ ይጠባል፣ ፔዳሉን ስትረግጥ ዘይቱ በጉልበት ያልፋል ስትለቀው ግን አይመለስም፣ ጎማው ተይዞ ይግላል፣ ሰው ደሞ ሞተሩ ጉልበት አጣ ብሎ ካርቡሬተር ሲፈታ ይውላል።

ቀጥሎ ቤንዚን። የቆየው ቤንዚን በሙሉ ይውጣ፣ አሽትተው፣ የቀለም ሽታ ካመጣ አልቆለታል። ቱቦዎቹን ግን ብታሸትም ባታሸትም ቀይራቸው፣ በተለይ ከኋላ ሞተሩ ጋ ያሉትን። ቮልስ ላይ የቤንዚን ቱቦው የሚያልፈው እሳት ከሚያከፋፍለው ዲስትሪቢዩተር አጠገብ ነው፣ ቱቦው ደሞ በጨርቅ የተሸመነ ስለሆነ ውስጡ ተሰነጣጥቆ ላዩ ደህና ይመስላል። ካርቡሬተሩ ላይ ቱቦው የሚገባባትን የነሐስ አፍ ደሞ በእጅህ ነቅነቅ አድርጋት፣ ተገፍታ የገባች እንጂ በጥርስ የታሰረች አይደለችም፣ ከላላች መንገድ ላይ ትወጣና ቤንዚን የጋለ ሞተር ላይ ይረጫል። ሞተራቸው ተቃጥሎ የቀሩ ቮልሶች ብዙዎቹ ታሪካቸው ይሄ ነው። እሳት ማጥፊያ ግዛ፣ የምትደርስበት ቦታ አስረው።

አሁን ወደ ሞተሩ። አራቱንም ካንዴላ አውጣ፣ በየቀዳዳው አንድ ማንኪያ የሞተር ዘይት ጨምርና አሳድረው። በማግስቱ ማርሹን ነፃ አድርገህ የዲናሞዋን ዳዶ በ21 ቁልፍ ይዘህ በእጅህ በቀስታ አዙር። ከዞረ እሰየው። እንቢ ካለ አትታገለው፣ ዘይቱን ጨምርለትና ሌላ ቀን ተመለስ፣ ፒስተን ቀለበት ከሲሊንደሩ ጋ ሲጣበቅ የሚያላቅቀው ትዕግስት ነው፣ ሞተሩን በቁልፍ በሚያስነሳው ሞተሪኖ ከደበደብከው ግን ቀለበቱን ትሰብረዋለህ። ሌላው አይጥ ነው፣ አትሳቅ። ይሄ ሞተር ውሃ የለውም የሚበርደው በአየር ነው፣ አየሩን የሚነዳው ትልቁ የቆርቆሮ ቤት ውስጥ ደሞ አይጥ ጎጆ መሥራት ትወዳለች፣ ሞተሩ ይነሳልሃል ደስ ይልሃል ከዛ ግማሽ ሰዓት ነድተህ አንዱ ወገን ተጠብሶ ታገኘዋለህ። በእጅ ባትሪ እያበራህ እስከ ውስጥ ድረስ እይ።

ዘይት ሁለት ሊትር ተኩል ነው የሚይዘው፣ የወረቀት ፊልትሮ የለውም የሽቦ ወንፊት ብቻ ነው ያለው፣ ስለዚህ ሰው የዘመኑ መኪና ላይ እንደሚያደርገው አሥር ሺህ ኪሎ ሜትር ይዘኸው እንዳትዞር፣ 5,000 ላይ አውጣው። የቫልቮቹን ክፍተት ደሞ ሞተሩ ቀዝቃዛ ሆኖ፣ ማለትም አድሮ ጠዋት፣ 0.15 ሚሊ ሜትር ላይ አስተካክል። ለሦስተኛው ሲሊንደር ልዩ ትኩረት ስጠው፣ በቆዩት ሞዴሎች የዘይት ማቀዝቀዣው አየሩን ስለሚጋርደው ከሌሎቹ የበለጠ የሚግለው እሱ ነው።

ጎማው ቢያብረቀርቅም አትመነው። ጎኑ ላይ አራት አሃዝ ታገኛለህ፣ ለምሳሌ 2316 ካለ በ2016 እ.ኤ.አ. 23ኛው ሳምንት ላይ ተሠራ ማለት ነው። ሦስት አሃዝ ብቻ ካገኘህ ከ2000 በፊት የተሠራ ነው፣ እሱን አውልቀህ ለልጆች መጫወቻ አድርገው። ቅዳሜ ከዚህ ሁሉ ግማሹን ከጨረሳችሁ ጎበዞች ናችሁ፣ ባትሪው የሚቀጥለው ቅዳሜ ይደርሳል።

ጥያቄ፦ የድሮ መኪናዬን ብዙም አልነዳትም ግን እንዳትበላሽ ብዬ በየሳምንቱ እሁድ አስነስቼ አሥር ደቂቃ አቆያታለሁ። ጎረቤቴ እየጎዳሃት ነው አለኝ፣ እውነቱን ነው?

መልስ፦ እውነቱን ነው፣ ጎረቤትህን ሻይ ጋብዘው። አንድ ሊትር ቤንዚን ሲቃጠል ወደ አንድ ሊትር የሚጠጋ ውሃ ነው የሚወጣው፣ ሞተሩ በደንብ ሲግል በእንፋሎት መልክ ይሄዳል፣ አንተ ግን ሳይግል ስለምታጠፋው ማርሚታው ውስጥና ዘይቱ ውስጥ ይቀራል። የዘይት መሙያ ክዳኑን ከፍተህ እይ፣ ከስሩ ነጭ ክሬም የመሰለ ነገር ካለ እሱ ነው። ወይ አውጥተህ ዘይቱ እስኪግል ድረስ፣ ሠላሳ ኪሎ ሜትር ምናምን በለው፣ ንዳት ወይ ጭራሽ አትንካት። በመሀል ያለው ነው መጥፎው። ደሞ ስትነዳት ፍሬኑም ይሠራል ፍሪሲዮኑም ይላቀቃል ማርሹም ዘይት ያገኛል፣ ቆማ ስትጮህ ግን ከሞተሩ በቀር የሚንቀሳቀስ ነገር የላትም።

ጥያቄ፦ ጋሼ እኔ ያለኝ የ1970ዎቹ ሆንዳ ሞተር ሳይክል ነው። ሚኒሞ አትይዝም (ጋዝ ሳልሰጣት ቆማ አትሠራም)፣ ቾክ ስይዝባት ትሠራለች ስመልሰው ትጠፋለች። ካርቡሬተሩን ልከፍት ብዬ የብሎኖቹን አናት በላሁት፣ መካኒኩ ደግሞ አዲስ ካርቡሬተር ግዢና ተገላገይ አለኝ። ልግዛ?

መልስ፦ አትግዢ የኔ ልጅ፣ ቢያንስ ገና። ቾክ ላይ ሠርታ ያለ ቾክ ከጠፋች ወይ ቤንዚን እያነሳት ነው ወይ ደሞ አየር በማይገባበት እየገባ ነው፣ ቆማ ለከረመች ከሆነ አሥሩን ብጠየቅ ዘጠኙን የዝግታ ጄቷ፣ ማለትም ሚኒሞ ላይ ቤንዚን የሚያልፍባት የካርቡሬተሩ ትንሽ አፍ፣ ተደፍናለች እላለሁ። እሷ ቀዳዳዋ ከግማሽ ሚሊ ሜትር በታች ናት፣ ቤንዚን ደርቆ የሚተወው ሙጫ ለመድፈን ይበቃታል።

የብሎኑ ነገር ጥፋቱ ያንቺ አይደለም፣ የካቻቢቴው ነው። የድሮ የጃፓን ሞተር ሳይክሎች ላይ ያለው መስቀለኛ ብሎን ፊሊፕስ ይመስላል እንጂ አይደለም፣ ጂስ የሚባል የጃፓን ስታንዳርድ ነው፣ ብዙ ጊዜ አናቱ ላይ ትንሽዬ ነጥብ አለችው። የፊሊፕስ ካቻቢቴ ጫፉ እስከ ስር አይገባለትም፣ ትንሽ ሲጠብቅ ተንሸራቶ ይወጣና መስቀሉን ይልጠዋል። የጂስ ካቻቢቴ ፈልጊ፣ አንድ ጊዜ ከገዛሽ ዕድሜሽን ሙሉ ነው፣ ለፊሊፕስም ይሠራል። የተበሉትን በመዶሻ የሚመታውን ካቻቢቴ አድርገሽ ይወጣሉ፣ ካርቡሬተሩ ለስላሳ ብረት ነውና ቀስ ብለሽ፣ መልሰሽ ስታስሪ በአዲስ ብሎን እሰሪ።

ከፍተሽ ስታጸጂ ጄቷን በመርፌ እንዳትወጊያት። ነሐስ ናት ትሰፋለች፣ ከሰፋች ደሞ ሌላ በሽታ ጀመረ ማለት ነው። ካርቡሬተር ማጽጃ ነፍተሽባት አሳድሪያት፣ ካልሆነ ከኤሌክትሪክ ገመድ ውስጥ አንዲት የመዳብ ክር መዝዘሽ በሷ አሳልፊ፣ ወደ ብርሃን ይዘሽ ስታያት ክብ ቀዳዳ ጥርት ብሎ መታየት አለበት። የአየር ብሎኗን ከማውጣትሽ በፊት ደሞ በቀስታ እስክትቀመጥ አስገቢያትና ስንት ዙር እንደሆነች ቆጥረሽ ጻፊ፣ ብዙውን ጊዜ አንድ ዙር ተኩል አካባቢ ናት ግን ያንቺን ቁጥር እመኚ። ይሄን ሁሉ አድርገሽ ካልያዘች በካርቡሬተሩና በቴስታታው (በሞተሩ አናት) መሀል ያለውን ላስቲክ አጎንብሰሽ እይው፣ ስንጥቅ አይጠፋውም።

አስመስለው የሚሠሩት አዲስ ካርቡሬተሮች የሚያብረቀርቁ ናቸው፣ ጄታቸው ግን ላንቺ ሞተር ተለክቶ የተሠራ ላይሆን ይችላል። ፋብሪካው ያወጣው ዋናው ከተጸዳ ከነሱ ይሻላል ባይ ነኝ።

ጥያቄ፦ መኪናዬ 6 ቮልት ናት መብራቷ ሻማ ነው። ወደ 12 ልቀይራት? ለካንዴላው እሳት ኤሌክትሪኩን የሚከፍት የሚዘጋውን ፖይንትም በኤሌክትሮኒክስ ልተካው እያሰብኩ ነው።

መልስ፦ ሁለት ጥያቄ ነው። 6 ቮልት ደካማ አይደለም፣ ቆሻሻ ነው የማይችለው። ለአንድ 36 ዋት አምፖል በ12 ቮልት 3 አምፔር ሲበቃ በ6 ቮልት 6 ይፈልጋል፣ በዛገ መገጣጠሚያ ላይ የሚጠፋው በዛው ልክ ይጨምራል፣ ደሞ ግማሽ ቮልት ከ12 ላይ ቢጠፋ ማንም አያውቅም ከ6 ላይ ሲጠፋ ግን ዓይንህ ያየዋል። መጀመሪያ ከባትሪው ወደ ቦዲው የሚሄደውን ወፍራም ሽቦ ፍታና ሁለቱንም ጫፍ በብርጭቆ ወረቀት ፈትግ፣ የመብራቶቹንም እንደዛው። ብዙ ሰው እዚህ ጋ ሲደርስ 12 ቮልቱን ይረሳዋል።

ኤሌክትሮኒክሱን አልቃወምም፣ እኔም አንዱ መኪናዬ ላይ አለኝ። ግን ፖይንቱን ከነኮንደንሰሩ ኮፈን ውስጥ ይዘህ ዙር፣ ፖይንት ሲያረጅ እያነከሰ ቤት ያደርስሃል፣ ኤሌክትሮኒክስ ሲሞት ግን ሳይሰናበት ነው። ፖይንት የምታቆይ ከሆነ 0.4 ሚሊ አካባቢ ክፈተው፣ የመኪናህን መጽሐፍ አይተህ። አንድ ነገር ብቻ እለምንሃለሁ፣ ሁለቱን በአንድ ቀን አትሥራ። አንድ ነገር ቀይር፣ ንዳ፣ ከዛ ሁለተኛውን። ሦስት ነገር ቀይረህ ባሰባት ስትል የቱ እንዳባሰባት ማንም ሊነግርህ አይችልም።

ጥያቄ፦ ቤንዚን ውስጥ ሊድ (እርሳስ) ስለሌለ ተጨማሪ መድኃኒት መጨመር አለብኝ?

መልስ፦ ሊድ ያለው የመኪና ቤንዚን በዓለም ላይ መሸጥ ካቆመ ከ2021 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ነው፣ አልጄሪያ የመጨረሻዋ ነበረች፣ የድሮ መኪኖች ግን ይኸው አሉ። ሊዱ የቫልቭ መቀመጫውን ከመበላት ይጠብቅ ስለነበር ነው ሰው የሚጨነቀው። ቴስታታህ አልሙኒየም ከሆነ የቫልቭ መቀመጫው ከመጀመሪያውም ተለይቶ የገባ ጠንካራ ብረት ነው፣ አትጨነቅ። የብረት ቴስታታ ሆኖ መቀመጫው እዛው ላይ ከተቆረጠና በፍጥነት ረጅም መንገድ የምትሄድ ከሆነ ነው ሐሳብ ያለው። ማወቂያው ቀላል ነው፣ የጭስ ማውጫ ቫልቮችህን ክፍተት በየጊዜው ለካና ጻፍ። እየጠበበ ከመጣ መቀመጫው እየተበላ ነው። ካልጠበበ ገንዘብህን ያዝ።

ጥያቄ፦ ወንድሜ፣ እኔም እንዳንተው ጎልማሳነቱ ያለፈኝ ሰው ነኝ። ሮያል ኤንፊልድ ቡሌት ሞተር ሳይክል አለችኝ፣ ጉልበቴ እያመመኝ በእግር መትቶ ማስነሳቱ ከብዶኛል። ልጆቼ ሽጣት ይሉኛል። ምን ትመክረኛለህ?

መልስ፦ ወንድሜ እግዜር ይማርህ፣ ጉልበቱን ሐኪም ይየው። መምታቱን በተመለከተ ግን ቡሌት በጉልበት አትነሳም፣ ስንቱ ጎረምሳ ሲዘልባት ላቡ ሲንጠፈጠፍ አይተናል አይደል። ቁልፉን ክፈትና የኤሌክትሪኩን ፍሰት የሚያሳየውን አምፔር ሜትር እያየህ መምቻውን በቀስታ ተጫን፣ ቀስቷ ከዲስቻርጅ ወደ መሀል ዘለል ስትል ፒስተኑ ጫፍ ደርሷል ማለት ነው። እዛ ጋ ዲኮምፕሬሰሩን (የሲሊንደሩን ግፊት የሚያስተነፍሰውን እጀታ) ያዝ፣ መምቻውን ትንሽ አሳልፈው፣ ልቀቀው፣ መምቻው ወደ ላይ ይመለስ፣ ከዛ አንድ ረጋ ያለ ሙሉ ምት። ጋዝ አትስጣት። ክብደትህን ብቻ አሳርፍባት፣ ሥራውን የሚሠራው እሱ ነው። በዚህም ካስቸገረች ጥፋቱ ከእግርህ አይደለም፣ ፖይንቱንና ካርቡሬተሩን እይ፣ በሦስተኛው ምት የማትነሳ ቡሌት የሚጠገን ነገር አላት።

መሸጡን ላንተ እተወዋለሁ፣ ግን ልጆችህን ከመስማትህ በፊት አንዱን አምጣና ይሄን አምፔር ሜትር አሳየው። ሽጣት የሚሉት ብዙ ጊዜ ሲመቱ አንዴም ስላልተነሳችላቸው ነው። ደሞ ደብተር ያዝ፣ አደራ። የትኛው ብሎን ጥርሱ እንደተበላ፣ የትኛው ሽቦ ቀለሙ ከመጽሐፉ እንደማይገጥም፣ ካንዴላው መቼ እንደተቀየረ፣ ይሄን ካንተ ሌላ የሚያውቅ የለም፣ የሚረከብህ ሰው ልጅህም ይሁን ገዢ ካልጻፍክለት ከዜሮ ነው የሚጀምረው።

ለሚቀጥለው ወር የምትጽፉልኝ፣ እባካችሁ "አልነሳ አለኝ" ብላችሁ ብቻ አትላኩ። ሞዴሉንና ዓመተ ምህረቱን ጻፉ፣ ሲቀዘቅዝ ነው ሲግል የሚያስቸግረው፣ ካንዴላው ሲወጣ ጥቁር ነው ነጭ ነው እርጥብ ነው፣ ችግሩ ከመጀመሩ በፊት ባለው ሳምንት ማን ምን ነካ። በተለይ የመጨረሻዋን እንዳትደብቁኝ።