ስለ ጫካ ጉዞ ጠየቃችሁ፣ እነሆ መልሱ

ቦርሳ አዝላችሁ ጫካና ተራራ ስለመሄድ ያሻችሁን ጠይቁኝ ብዬ ነበር። ጥያቄው ጎረፈ። ግማሹ ስለ እባብ ነው። እኔን ግን ከእባብ ይልቅ እርጥብ ልብስ ያስፈራኛል፣ ለምን እንደሆነ ከታች ታዩታላችሁ።

ጥያቄ፦ መንገድ እንደጠፋኝ ያወቅኩ ጊዜ መጀመሪያ ምን ላድርግ?

ተቀመጥ። የምሬን ነው፣ ቦርሳህን አውርደህ ተቀመጥና ውሃ ጠጣ። ሰው መጥፋቱን ሲያውቅ እግሩ ይፈጥናል፣ ነገሩ የሚበላሸውም ያኔ ነው። ጀርመን ጫካ ውስጥና ቱኒዚያ በረሃ ላይ ሰዎችን ቀጥ ብላችሁ ሂዱ ብለው ያስኬዱ ተመራማሪዎች በ2009 (እ.ኤ.አ.) ያወጡት ጥናት አለ። ፀሐይዋ ወይም ጨረቃዋ ስትሸፈን ሰዎቹ ቀጥ ብለው የሄዱ እየመሰላቸው ይዞሩ ነበር። ስለዚህ "ዝም ብዬ ቀጥ ብል የሆነ ቦታ እወጣለሁ" የሚባለውን እርሳው።

ጥያቄ፦ ከመጀመሪያውስ እንዳልጠፋ?

ወደ ኋላሽ እያየሽ ሂጂ። ሁሉም ሰው ይሰማዋል፣ ማንም አያደርገውም። እኔም አላደርገውም ነበር። አንድ ቀን ስመለስ መንታ መንገድ ላይ ደረስኩ። ጠዋት በዚያው አልፌያለሁ፣ ግን መንታ መሆኑን አላየሁም። ስሄድ ሌላው መንገድ ከኋላዬ መጥቶ ነው የሚገናኘኝ፣ ዞር ካላልኩ በምን አየዋለሁ? መሸ። የጫማዬ ተረከዝ ትንሽ ተቆርሶ ስለነበር ያንን ምልክት ጭቃው ላይ መፈለግ ጀመርኩ። ባትሪውን ከላይ ሳበራ ምንም የለም። ተንበርክኬ ወደ መሬት ዝቅ አድርጌ ከጎን ሳበራ ግን ዱካው ሁሉ ጥላ ጥሎ ቁልጭ አለ፣ ቁራሹ ተረከዝም በግራው መንገድ ላይ ተገኘ። ከዚያ ወዲህ መንገድ በታጠፈ ቁጥር ዞር ብዬ አያለሁ፣ ስመለስ የማየው እሱን ነዋ።

ጥያቄ፦ ስልክም ኮምፓስም ከሌለ አቅጣጫ በምን ይታወቃል?

ፀሐይ ካለ ቀላል ነው። ደልዳላ መሬት ላይ እንጨት ትከልና የጥላው ጫፍ ላይ ጠጠር አድርግ። ከ15 እስከ 20 ደቂቃ ጠብቀህ አዲሱ ጫፍ ላይ ሌላ ጠጠር ጨምር። የመጀመሪያው ጠጠር ምዕራብ፣ ሁለተኛው ምሥራቅ ነው። እኩለ ቀን አካባቢ ጥሩ ይሠራል፣ ጠዋትና ማታ ግምቱ ይዛነፋል። ግንድ ላይ የሚለጠፈው ለስላሳ አረንጓዴ ነገር ሰሜንን ያሳያል የሚባለውን ተወው፣ እርጥበት ባገኘበት ሁሉ ይበቅላል።

ጥያቄ፦ ጥርት ያለ የምንጭ ውሃ ቢጠጣ ምን አለበት?

ጀርም በዓይን አይታይም። አፍሉት። ከተንፈቀፈቀ በኋላ 1 ደቂቃ ይበቃል፣ ከ2000 ሜትር በላይ ከሆናችሁ 3 ደቂቃ። ከደፈረሰ መጀመሪያ በጨርቅ አጥልሉት። ኬሚካል ካለበት ግን ማፍላት አያወጣውም።

ጥያቄ፦ ብርዱ ያን ያህል ካልሆነ ወፍራም ልብስ ምን ያደርጋል?

እርጥብ ልብስ ያልኩት ይሄ ነው። ሰው በብርድ የሚጎዳው በረዶ ላይ ብቻ አይደለም፣ 10 ዲግሪ ላይም ዝናብና ንፋስ ከተባበሩበት ሰውነቱ ይቀዘቅዛል። ጥጥ ከረጠበ አያሞቅም፣ ሱፍ ይሻላል። አንድ ደረቅ ሙሉ ልብስ ከነካልሲው ፌስታል ውስጥ ቋጥራችሁ ለመኝታ ብቻ አስቀምጡ። ያለ ድንኳን ማደር ከመጣ ደግሞ ከላይ ከምትለብሱት በፊት ከሥር አስቡ፣ መሬቱ ሙቀታችሁን ይጠጣዋል። ደረቅ ቅጠል ከምራችሁ ተኙበት፣ ስትተኙበት ስለሚሟሽሽ ይበቃል ካላችሁት እጥፍ አድርጉት። ጓደኛችሁ ዚፑን መዝጋት ካቃተው፣ ከተደናቀፈ ወይም ምላሱ ከተሳሰረ "ደህና ነኝ" ቢልም አትመኑት። ቁሙና እርጥቡን አውልቁለት፣ ደረቅ አልብሱት።

ጥያቄ፦ እባብ ቢነድፈኝስ?

ይኸው መጣ! አትቁረጥ፣ አትምጠጥ፣ በገመድ አጥብቀህ አትሰር። ስለሚያብጥ ቀለበትና ሰዓት አውልቅ፣ የተነደፈውን ቦታ አታንቀሳቅስ፣ ፈጥነህ ሐኪም ጋ ድረስ። እባቡን ለማሳደድም አትሞክር።

ጥያቄ፦ ወፎች አደጋ ይናገራሉ የሚባለው እውነት ነው?

እውነት ነው፣ ግን መጀመሪያ የሚጮሁት ባንቺው ላይ ነው። አንድ ቦታ 20 ደቂቃ ያህል ሳትንቀሳቀሺ ተቀመጪ። ቀስ በቀስ ይረሱሽና ወደ ዜማቸው ይመለሳሉ። የሰላሙን ድምፅ ከለመድሽው በኋላ አጭር ስለታም ጩኸት ሲደጋገም ወይም ሁሉም ድንገት ጭጭ ሲል ትለይዋለሽ። ጭልፊት ይሆናል፣ ድመት ይሆናል፣ ወይ ሌላ መንገደኛ።

ጥያቄ፦ አንድ ዕቃ ብቻ ያዝ ብትባል?

ፊሽካ። ድምፅህ ይዘጋል፣ ፊሽካ አይዘጋም። ሦስት ጊዜ ንፋ፣ አረፍ በል፣ ደግሞ ሦስት። የድረሱልኝ ምልክት ነው። ቦርሳህ ውስጥ ሳይሆን አንገትህ ላይ ይሁን፣ ቦርሳ ገደል ሊገባ ይችላል።