መለኪያውን ከመጣልህ በፊት የእናትህን እጅ አስታጥብ

ከአዘዞ አንድ ወጣት እንዲህ ሲል ጽፎልኛል። «ሲስተር፣ እናቴ ስኳር አለባት፣ ጠዋትና ማታ ኢንሱሊን ትወጋለች። ጠዋት 12 ሰዓት ላይ ስለካት 118፣ 131፣ 124 ነው። ከሰዓት 10 ሰዓት ላይ ስትገባ ግን 290፣ አንዳንዴም 340 ይላል። ደንግጬ በሌላ ጣት ስደግመው 210፣ ስሠልሰው 165። አንድ መድኃኒት ቤት ብጠይቅ ከሰዓት 6 ዩኒት ጨምርላት አሉኝ። ጨመርኩላት፣ ማታ ላብ አጠመቃት፣ ተንቀጠቀጠች። ሆስፒታል የሠራችው የ3 ወር አማካይ 7.1 ነው። መለኪያው ተበላሽቶ ይሆን? ቀን ላይ መለካት አይመቸንም፣ ቅዳሜ ገበያ በሚባለው ገበያ በየቀኑ ማር ስለምትሸጥ።»

ወንድሜ፣ መልሱ ያለው መጨረሻ ላይ እንደ ዋዛ ጣል ባደረግካት ነገር ውስጥ ነው። ማር! በእኔ ግምት መለኪያህ ደህና ነው። ቁጥሩን ያናረው በእናትህ ጣት ላይ የቀረው ማር ነው።

ለምን እንዲህ አልኩ? የተበላሸ መለኪያም ሆነ ስትሪፕ (መለኪያው ላይ ሰክተህ ደሙን የምታስነካት ቀጭን ቁራጭ) ሰዓት አይመርጥም፣ ጠዋትም ይቀባጥር ነበር። የእናትህ ጠዋት ደግሞ ቀጥ ያለ ነው። በዚያ ላይ የሰው የደም ስኳር በ5 ደቂቃ ውስጥ ከ340 ወደ 165 አይወርድም። ጣት በቀየርክ ቁጥር የሚወርድ ከሆነ የለካኸው ደሙን ሳይሆን ጣቱን ነው። የ3 ወሩ 7.1 በመቶኛ የሚነገር ሌላ ልኬት ነው (HbA1c ይሉታል)፣ ወደ መለኪያህ ቁጥር ሲተረጎም በአማካይ 157 ገደማ ነው፣ በየቀኑ ከሰዓት 340 የሚገባ ሰው ይህን ውጤት ማምጣቱ ይከብዳል። ውኃ ጥም በዛባት፣ ሽንት አመላለሳት ብለህም አልጻፍክም።

ከሁሉ በፊት ግን ይህችን ያዝልኝ፦ በአንድ ቁጥር ተነስተህ ኢንሱሊን አትጨምር። ያ ማታ የመጣው ላብና መንቀጥቀጥ የዚያ 6 ዩኒት ውጤት ይመስለኛል። መጠኑን ወደ ነበረበት መልሰው፣ የሆነውንም ክትትል ለሚያደርግላቸው ሐኪም በቶሎ ንገር። ሰውየውን ሳያዩ፣ ምን እንደበላ ሳይጠይቁ፣ ባንኮኒ ላይ ተደግፈው «ጨምርበት» የሚሉ ሰዎች ያበሳጩኛል። የእነሱን ጥፋት ማታ ድንገተኛ ክፍል የምንቀበለው እኛ ነን።

አሁን ትንሽ ልዘብዝብህ፣ ይህችን ነገር ማስረዳት ስለምወድ ነው። የስትሪፑ ጫፍ ላይ ኢንዛይም፣ ማለትም ግሉኮስ ከሚባለው የደም ስኳር ጋር የሚሠራ ንጥረ ነገር፣ ተቀብቷል። ኢንዛይሙ ግሉኮስ ሲያገኝ ኤሌክትሮን ያላቅቃል፣ መለኪያው የሚያነበው ከዚያ የሚመጣውን ትንሽ የኤሌክትሪክ ፍሰት ነው። ግሉኮሱ ከደም ይምጣ ከቆዳ ግን አይለይም። ስንቱ ይበቃዋል መሰለህ? ብዙዎቹ ስትሪፖች የሚስቡት ግማሽ ማይክሮሊትር ገደማ ደም ነው፣ አንድ ማይክሮሊትር የአንድ ሚሊሊትር አንድ ሺህኛ ነው። የእናትህ ስኳር 120 ቢሆን፣ ማለትም በአንድ ዴሲሊትር (100 ሚሊሊትር) ደም 120 ሚሊግራም፣ በዚያ ደም ውስጥ ያለው ግሉኮስ 0.6 ማይክሮግራም ብቻ ነው። አንድ ማይክሮግራም የአንድ ሚሊግራም አንድ ሺህኛ ነው። እንግዲህ ከጣት ላይ ሌላ 0.6 ማይክሮግራም ከተቀላቀለ መለኪያው 240 ይላል። ማር ደግሞ ሲሶው ገደማ ግሉኮስ ነው። በዓይን የማትታይ፣ ስትነካት እንኳ የማታጣብቅ የማር ጭላጭ ለዚህ ትተርፋለች። ማንጎም፣ ብርቱካንም፣ ሻይ ሲያማስሉ የነካ ስኳርም ያው ነው። ስለዚህ «እጇ ንጹሕ ነው፣ አይቼዋለሁ» አትበለኝ። ዓይንህ ይህን አያይም።

ነገ እንዲህ አድርግ። ከገበያ ሲገቡ እንደወትሮው ለካ። ቀጥሎ ሁለቱንም እጃቸውን ለብ ባለ ውኃና በሳሙና፣ እስከ ጥፍሩ ሥር፣ በደንብ ይታጠቡ። በንጹሕ ፎጣ ያድርቁ፣ በነጠላቸው ጫፍ አይደለም፣ ነጠላቸውም ገበያ ውሎ የመጣ ነው። ከዚያ የጣቱን ጫፍ ትተህ ጎኑን ውጋ፣ ጎኑ ሕመሙም ይቀንሳል። ጣቱን እንደ ሎሚ አትጭመቀው። ደሙ እንቢ ካለ እጃቸውን ወደ ታች ያንጠልጥሉት። በአልኮል የራሰ ጥጥ መጥረግ እጅ መታጠብን አይተካም። አልኮል ጀርም ይገድላል እንጂ ስኳርን በደንብ አያነሳም። በዚያ ላይ ሳይደርቅ ከወጋህ ደሙን ያበላሸዋል።

በሁለቱ መካከል ትልቅ ልዩነት ካየህ ነገሩ አለቀ፣ መለኪያውን ተወው። ታጥበውም ለሁለት ሦስት ቀን ከ250 በላይ ካለ ግን ግምቴ ስቷል ማለት ነው፣ ቀጠሮ ሳትጠብቅ ውሰዳቸው። ከ300 በላይ ሆኖ ማስመለስ፣ የሆድ ሕመም፣ ፈጣን ትንፋሽ ወይም መፍዘዝ ካለበት ያኔ እጅ ታጠቡ የምንልበት ሰዓት አይደለም፣ ቀጥታ ወደ ድንገተኛ።

ስትሪፑንም ተመልከት። ርካሽ ነው ተብሎ አንድ በአንድ፣ በሶፍት ተጠቅልሎ የሚሸጠውን አትግዛ። ስትሪፕ እርጥበት ጠላቱ ነው፣ ብልቃጡ ውስጥ እርጥበት መጣጭ የተደረገበት ለዚህ ነው፣ ክዳኑም አንዷን አውጥተህ ወዲያው የሚዘጋ ነው። ከተከፈተ በኋላ ብዙው ከ3 እስከ 6 ወር ነው የሚቆየው፣ የከፈትክበትን ቀን ብልቃጡ ላይ ጻፍ። ፍሪጅ ውስጥ አታስገባው፣ ምድጃ አጠገብም አታስቀምጠው። አሮጌ መለኪያ ከሆነ ደግሞ ኮዱ ከብልቃጡ ኮድ ጋር መግጠሙን አይተህ ጀምር። ሰው የአንዱን ብራንድ ስትሪፕ በግድ ሌላው መለኪያ ውስጥ ሲሰካ አይቻለሁ፣ ጉድ ነው።

ደግሞ በትንሽ ልዩነት አትጨነቅ። ዓለም አቀፉ መስፈርት ራሱ ከ100 በላይ ለሆነ ቁጥር 15 በመቶ ወደ ላይና ወደ ታች ይፈቅዳል። እውነቱ 120 ሆኖ 105 ወይም 135 ቢያሳይህ መለኪያው ሥራውን ሠርቷል። ለብዙ አዋቂዎች ግቡ ከምግብ በፊት ከ80 እስከ 130፣ ምግብ ከጀመሩ ከ2 ሰዓት በኋላ ደግሞ ከ180 በታች ነው። ለእናትህ ሐኪማቸው ሌላ ቁጥር ካወጣላቸው የእሱን ያዝ። የደም ማነስ ካለባቸውም ንገረው፣ ደም ያነሰው ሰው ላይ መለኪያ ከፍ አድርጎ ያነባል።

ከሁሉ የሚያስፈራኝ ግን ሌላ ነው። ይኸው ማር የወረደ ስኳርንም ይደብቃል። እውነተኛው 55 ሆኖ ማር የነካው ጣት 150 ሊል ይችላል፣ አንተም «ደህና ናት» ብለህ ትቀመጣለህ። ስለዚህ ላብ ካላባቸው፣ ከተንቀጠቀጡ፣ ነገር ከተምታታባቸው ቁጥሩን አትመን። ታጥበው እስኪለኩም አትጠብቅ። ሦስት የሻይ ማንኪያ ስኳር በውኃ በጥብጠህ ስጥ፣ ወይም ያንኑ የሚሸጡትን ማር አንድ የሾርባ ማንኪያ። ከ15 ደቂቃ በኋላ እጃቸውን አስታጥበህ ለካ፣ ከ70 በታች ከሆነ ስኳሩን ድገመው፣ ሲሻላቸው ምግብ ይብሉ። ራሳቸውን ከሳቱ በአፋቸው ምንም አታድርግ፣ በጎናቸው አስተኝተህ ወደ ሆስፒታል ሩጥ። እና አሁንም እደግመዋለሁ፣ ባልታጠበ ጣት በወጣ ቁጥር ኢንሱሊን አትጨምር።

ለቀጠሮው መለኪያውን ራሱን ይዘህ ሂድ። የመለኪያውን ሰዓት ግን አስተካክል፣ ብዙው ሰው ቤት እንደ እኛ ሰዓት ይሞላና ሐኪሙ 12 ሰዓት የሚለውን ሲያይ ጠዋት ይሁን እኩለ ቀን ይጠፋበታል። ደብተርም ያዝ። ከቁጥሩ አጠገብ «ጠዋት፣ ሳትበላ፣ ታጥባ» ወይም «ከገበያ እንደገባች፣ ሳትታጠብ» ብለህ ጻፍ፣ የነገውንም ጨምረህ።