ስልክህ ይበቃሃል፤ የሠርግ ቪዲዮውን ግን አትላክ

ካሜራ ለመከራየት አዲስ አበባ ድረስ አትድከም። «ደሴ ነኝ፤ ያለኝ ስልክና ያቀናበርኳቸው የሠርግ ቪዲዮዎች ናቸው፤ ለአሜሪካ ፊልም ትምህርት ቤት ምን ልላክ?» ላልከው፣ በዚያው ስልክ አዲስ አጭር ፊልም ሥራ።

እንደ ቲሽ (የኒውዮርክ ዩኒቨርሲቲ የጥበባት ትምህርት ቤት) እና ዩኤስሲ (የሳውዘርን ካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ) ያሉት ከውጤት በተጨማሪ የፈጠራ ሥራና ጽሑፍ ይጠይቃሉ። ማየት የሚፈልጉት ያንተን ዓይን ነው። ሠርግ ላይ የምትቀርጸው ደግሞ ደንበኛው ያዘዘህን ነው።

1. አንድ ሰው ምረጥ። ለምሳሌ ከኮምቦልቻ የሐረጎን ዳገት ይዞ ወደ ደሴ የሚወጣ ሚኒባስ ረዳት። በጣቶቹ መሃል የታጠፉት ብሮች፣ ግማሽ አካሉን በመስኮት አውጥቶ ሲጣራ፣ ጭጋጉ ሲመጣ ዝም ሲል። ይሄ ለሦስት ደቂቃ ከበቂ በላይ ነው! ብቻ አስቀድመህ ፈቃዱን ጠይቀው።

2. ድምፁን በሌላ ስልክ፣ ደረት ኪሱ ውስጥ አስቀምጠህ ቅዳ። የደሴ ነፋስ ንግግሩን ይበላብሃል።

3. የእንግሊዝኛ ሰብታይትል ጨምር። የርዝመት ገደቡን ከየትምህርት ቤቱ ገጽ ላይ እይ።

ደጋግሜ ያየሁትን አንድ ነገር ልንገርህ። ዩቲዩብ ላይ «ፕራይቬት» የተደረገ ቪዲዮ ሊንኩን ብትልክም ለገምጋሚው አይከፈትም። ብዙ የተለፋበት ሥራ ሳይታይ ይቀራል፤ በጣም ያሳዝናል። «አንሊስትድ» (ሊንኩ ያለው ሁሉ የሚያየው) አድርገውና በጓደኛህ ስልክ ከፍተህ አረጋግጥ። መብራትና ኔትወርክ አይታመኑም፤ መጫኑን ለመጨረሻው ቀን አታቆየው።