ያረጀ ኤሲን በሂት ፓምፕ ሲተኩ አስቀድሞ የሚሰላው

አንድ አንባቢ፣ አር-22 በተባለ የቆየ የማቀዝቀዣ ጋዝ የሚሠራውና 17 ዓመት ያገለገለው ባለ 3 ቶን ማዕከላዊ ኤሲያቸው እየደከመ በመምጣቱ፣ ተመሳሳይ አቅም ባለው ሂት ፓምፕ ቢተኩት ያዋጣቸው እንደሆነ ጠይቀዋል። በብርድ ወራት ቤታቸው የሚሞቀው በጋዝ ማሞቂያ ነው።

መተካቱን እደግፋለሁ፤ «ተመሳሳይ አቅም» የሚለውን ግን ለጊዜው ይተዉት። ሂት ፓምፕ የማቀዝቀዣውን ጋዝ ፍሰት አቅጣጫ የሚገለብጥ ቫልቭ ያለው ኤሲ በመሆኑ፣ በሙቀት ጊዜ ከቤት ወደ ውጭ የሚያወጣውን ሙቀት በብርድ ጊዜ ከውጭ ወደ ቤት ያስገባል። ስለሆነም አሮጌው 3 ቶን፣ ማለትም 10.5 ኪሎዋት ገደማ፣ የሚነግርዎ የማቀዝቀዝ አቅሙን ብቻ ነው፤ እሱም ብዙ ጊዜ በግምት የተመረጠ ነው። ባለሙያው የግድግዳውን፣ የጣሪያውንና የመስኮቱን ሁኔታ ለክቶ፣ ቤቱ በከባድ ብርድ የሚያጣውን ሙቀት ማስላት አለበት። መጠኑ ከሚገባው በላይ የሆነ ማሽን ቶሎ ቶሎ እየበራና እየጠፋ እርጥበቱን ሳያስወግድ ይቀራል፤ ጋዙን የሚያምቀው ኮምፕሬሰርም ያለ ዕድሜው ያረጃል። በመለያው ላይ የሚጻፈው የማሞቅ አቅም አብዛኛውን ጊዜ የውጭው አየር 7 ወይም 8 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲሆን የተለካ ነው፤ ብርዱ ሲበረታ አቅሙ ስለሚቀንስ፣ በአካባቢዎ ከባድ ብርድ ምን ያህል እንደሚሰጥ የሚያሳየውን የአምራቹን ሰንጠረዥ ይጠይቁ።

የጋዝ ማሞቂያው ደህና ከሆነ አይጣሉት። ቴርሞስታቱ ብርዱ ሲከፋ ወደ እሱ እንዲያዞር ማድረግ ይቻላል፤ ሁለቱ ግን በአንድ ጊዜ መሥራት የለባቸውም። የሂት ፓምፑ ቅልጥፍና 3 (ለአንድ እጅ ኤሌክትሪክ ሦስት እጅ ሙቀት ማለት ነው)፣ የጋዝ ማሞቂያው ደግሞ 90 በመቶ ቢሆን፣ የአንድ ኪሎዋት ሰዓት ኤሌክትሪክ ዋጋ ከእኩል ጉልበት ጋዝ ዋጋ 3.3 እጥፍ እስካልበለጠ ድረስ ሂት ፓምፑ ይረክሳል።

ብዙ የተከላ ባለሙያዎች የሚዘሉት የአየር ማስተላለፊያውን ቱቦ ነው። ከሂት ፓምፕ የሚወጣው አየር ከጋዝ ማሞቂያው ይልቅ ለብ ያለ በመሆኑ ያንኑ ሙቀት ለማድረስ ብዙ አየር መንፋት ያስፈልጋል፤ ለአንድ ቶን በሰዓት ወደ 680 ሜትር ኩብ ይታሰባል። ቱቦው ጠባብ ወይም የሚያፈስ ከሆነ ምርጡ ማሽን እንኳ ያሳፍራል፤ ስለዚህ ማሽኑ ከመገዛቱ በፊት በቱቦው ውስጥ ያለው የአየር ግፊት ይለካ።

የማቀዝቀዣውን ጋዝ የሚያመላልሱት የመዳብ ቱቦዎች ቢቀየሩ እመርጣለሁ፤ ከአር-22 ጋር የሚሠራው የኮምፕሬሰር ዘይት ከአዳዲሶቹ ጋዞች ዘይት ጋር አይስማማም፣ የአር-410ኤም ሆነ የአር-32 ግፊትም ከፍተኛ ነው። በግድግዳ ውስጥ ተቀብረው መቀየር ካልተቻለ ግን መጠናቸው ለአዲሱ ማሽን መስማማቱ ይረጋገጥ፤ ከዚያም በደንብ ታጥበው በናይትሮጅን ግፊት ይፈተሹ። የማሽኑ የውጭ ክፍል በብርድ ጊዜ በረዶውን እያቀለጠ ውኃ ስለሚያፈስ፣ ከመሬት ከፍ ብሎ መተከል አለበት።

እስከዚያው አሮጌው ቢቆም፣ ካፓሲተር (ሞተሩን ለማስነሳት የሚረዳውን ትንሽ የኤሌክትሪክ ዕቃ) መቀየርን የመሰለ ቀላል ጥገና ይደረግለት፤ ለኮምፕሬሰር ወይም ለአር-22 ጋዝ ግን ገንዘብ አያውጡ።