ነፍሳትን ከፎቶ መለየት፦ ጥያቄና መልስ

ከዚህ በታች ያሉት ጥያቄዎች አብዛኞቹ ከፎቶ ጋር የቀረቡ ናቸው፤ በፎቶው ላይ የሚታየውም በጥያቄው ውስጥ ተገልጿል። ስም የምሰጠው ፎቶው እስከሚያሳየው ድረስ ብቻ ነው።

ጥያቄ፦ አበባ ላይ ያረፈችው ቢጫና ጥቁር መስመር ያላት ተባይ ተርብ ናት ወይስ ንብ?

መልስ፦ ዝንብ ናት። ቀለሟን ለጊዜው ይተዉትና ሌላውን አካሏን ይመልከቱ። ንብና ተርብ አራት ክንፍ ሲኖራቸው ዝንብ ያላት ሁለት ብቻ ነው፤ ይሁን እንጂ የንብ የፊትና የኋላ ክንፎች በጥቃቅን መንጠቆዎች ስለሚያያዙ በፎቶ ላይ አንድ መስለው ይታያሉ፤ ስለዚህ በክንፍ ቆጠራ ብቻ መወሰን ያሳስታል። በእርስዎ ፎቶ ላይ ይበልጥ የሚያሳምነው ራሷ ነው። ዓይኖቿ አብዛኛውን የራሷን ክፍል ሸፍነዋል፤ አንቴናዎቿም ከዓይኖቿ መካከል ብቅ ያሉ ሁለት አጫጭር ጉጦች ናቸው። ተርብ ብትሆን ኖሮ አንቴናዋ ረዘም ያለና ባለ ብዙ አንጓ ይሆን ነበር። ፎቶውን አቅርበው ከክንፏ ሥር ቢያዩ ደግሞ፣ የኋላ ክንፍ ሊኖር በሚገባበት ቦታ ላይ ጫፉ የደበለበለ የከበሮ መምቻ የሚመስል ትንሽ ዘንግ ያገኛሉ፤ ዝንብ በበረራ ጊዜ ሚዛኗን የምትጠብቀው በዚህ ነው። ቤተሰቧ ሲርፊዴ ይባላል። መናደፊያ የላትም፤ የተናዳፊ መልክ መያዟ ግን ሊበሏት የሚመጡትን ያርቅላታል።

ጥያቄ፦ ቅጠል ላይ ያነሳኋት ጉንዳን ስምንት እግር አላት። የተሳሳትኩት ስቆጥር ነው?

መልስ፦ ቆጠራዎ ትክክል ነው። ጉንዳን መስላ የምትኖር ዘላይ ሸረሪት ናት፤ የፊት እግሮቿን ከፍ አድርጋ ስለምታወዛውዛቸው አንቴና ይመስላሉ፤ የፊተኛው አካሏም መሐል ላይ ስለሚቀጥን ራስና ደረቷ የተለያዩ ይመስላል። የሚያጋልጧት ፊቷ ላይ ያሉት ሁለት ትልልቅ ዓይኖች ናቸው። እንዲህ ያለ ፎቶ ሲመጣልኝ ሌላውን አቆይቼ እሱን አስቀድማለሁ።

ጥያቄ፦ ቡናማ ሸረሪት ከላይና ከፊት አንስቻለሁ። የዝርያውን ሙሉ ስም እፈልጋለሁ።

መልስ፦ ቤተሰቡን ልነግርዎ እችላለሁ፤ ዝርያውን ግን ከዚህ ፎቶ ማንም በእርግጠኝነት ሊናገር አይችልም። ከፊት በተነሳው ፎቶ ላይ ከታች አራት ትንንሽ ዓይኖች በአንድ ረድፍ፣ ከእነሱ በላይ ሁለት ትልልቅ፣ ከዚያም ወደ ኋላ ፈንጠር ብለው ሁለት መካከለኛ ዓይኖች ይታያሉ። ይህ አቀማመጥ ተኩላ ሸረሪት በመባል የሚታወቀው የሊኮሲዴ ቤተሰብ መለያ ነው። ከዚህ በታች ለመውረድ ብዙውን ጊዜ በወንዱ አፍ አጠገብ ያሉትን ፔዲፓልፖች የሚባሉ አጫጭር እግር መሰል አካላት ወይም በሴቷ ሆድ ሥር ያለውን የመራቢያ አካል በማይክሮስኮፕ መመርመር ያስፈልጋል። ቀለም በዕድሜና በፆታ ስለሚለዋወጥ ማስረጃ ለመሆን አይበቃም። ቡናማ ሸረሪት በጨረፍታ አይቶ ሙሉ የላቲን ስም የሚሰጥ ሰው ካጋጠመዎ ከምን ተነስቶ እዚያ እንደደረሰ ይጠይቁት።

ጥያቄ፦ የስልክ መተግበሪያዎች የሚሰጡት ስምስ ይታመናል?

መልስ፦ እንደ መነሻ ይጠቅማል። መተግበሪያው የሚመርጠው ከተማረባቸው ፎቶዎች መካከል ስለሆነ፣ ፎቶው እምብዛም ያልተነሳን ዝርያ ሲያይ በመልክ የሚቀርበውን የታወቀ ዝርያ ስም ሊሰጥ ይችላል። በ2008 የተጀመረውን አይናቹራሊስትን የመሳሰሉት የሚሻሉት ከማሽኑ በኋላ ሰዎች ፎቶውን አይተው ስለሚያርሙ ነው።

ጥያቄ፦ በቆሎ ላይ ያገኘሁት አባጨጓሬ ግንባሩ ላይ የተገለበጠ የእንግሊዝኛ ፊደል ዋይ (Y) የመሰለ ነጭ ምልክት አለው። የአሜሪካ መጤ ተምች ነው ማለት ነው?

መልስ፦ ምልክቱ ብቻውን አያረጋግጥም፤ ሌሎች አባጨጓሬዎችም ፈዘዝ ያለ ተመሳሳይ መስመር አላቸው። ወደ ጅራቱ ተጠግቶ፣ ከመጨረሻው ክፍል ቀደም ብሎ ባለው አንጓ ጀርባ ላይ አራት ጥቁር ነጥቦች በካሬ ቅርጽ ተቀምጠው ከታዩ ግን ተምቹ ለመሆኑ ጠንካራ ማስረጃ ነው። እርስዎ ያነሱት ከራሱ በኩል ብቻ ነው፤ እባክዎ ጀርባውን በሙሉ የሚያሳይ ሌላ ፎቶ ይላኩ።

ጥያቄ፦ ክሽክሽ በወረረው ተክል ላይ ጥቁርና ብርቱካናማ፣ እሾሃማ ትል መሳይ ነገር አለ። ልግደለው?

መልስ፦ ይተዉት። ቀይ ሆና ጥቁር ነጠብጣብ ያላት የታወቀችው ጢንዚዛ እጭ ነው፤ ክሽክሹን እየበላልዎ ነው። እናቱን ስለማይመስል ያለ ጥፋቱ ብዙ ጊዜ ይገደላል።

ጥያቄ፦ ለመለየት የሚመች ፎቶ እንዴት ይነሳል?

መልስ፦ አንድ የሚያምር ፎቶ ከመላክ ሦስት ተራ ፎቶዎች፣ ማለትም ከላይ፣ ከጎንና ከፊት የተነሱ፣ ይበልጣሉ። የተቻለ እንደሆነ በአጠገቡ ማስመሪያ ያስቀምጡ፤ ግምት መጠንን ያጋንናል፣ በተለይ የሚያስፈራ ነገር ሲሆን። ቀኑን፣ ቦታውንና የነበረበትን ተክል ይጻፉ፤ ብዙ ነፍሳት በተወሰኑ ተክሎች ላይ ብቻ ስለሚኖሩ የተክሉ ስም አንዳንዴ ከፎቶው በላይ ያግዛል።

ጥያቄ፦ ከውሻዬ ላይ ያነሳሁትን መዥገር ነው ብለውኛል፤ ነገር ግን በፎቶው ላይ እግሩ ስድስት ነው። መዥገር ስምንት እግር የለውም እንዴ?

መልስ፦ አለው፤ ከእንቁላል ሲፈለፈል ግን እግሩ ስድስት ነው፤ አራተኛውን ጥንድ የሚያገኘው ደም መጥጦ ቆዳውን ከለወጠ በኋላ ነው። በፎቶዎ ላይ አንቴና የለም፤ ሰውነቱም ራስ፣ ደረትና ሆድ ተብሎ አይከፈልም፤ ስለዚህ የነገሩዎ ትክክል ነው። እጮቹ ከአንድ ቦታ በብዛት ስለሚፈለፈሉ የውሻውን ጆሮና የጣቶቹን መካከል ደግመው ይፈትሹ።