የአንባቢያን ጥያቄ፦ እየተጫወቱ ማሠልጠን ያዋጣል?

ጥያቄ፦ የምጽፍላችሁ ከድሬዳዋ፣ ሳቢያን ነው። ዕድሜዬ 37 ሲሆን በሰፈራችን ቅርጫት ኳስ ቡድን ኳስ አቀባይ ነኝ። አሠልጣኛችን ለሥራ ወደ አዲስ አበባ ስለሄደ ልጆቹ «እየተጫወትክ አሠልጥነን» ብለውኛል። ጓደኛዬ ደግሞ ሮበርት ጃዎርስኪ የሚባል ፊሊፒናዊ 50 ዓመት አልፎትም እየተጫወተ ያሠለጥን ነበር ይላል። እውነት ነው? እኔስ ከምን ልጀምር?

መልስ፦ ጓደኛዎ አላጋነነም። ጃዎርስኪ እ.ኤ.አ. በ1946 ባጊዮ ከተማ ተወለደ። በ1967 ሴኡል ላይ የእስያን ሻምፒዮና ባሸነፈው ብሔራዊ ቡድን ውስጥ ነበር፤ በማግስቱ ዓመት ደግሞ ሜክሲኮ ኦሊምፒክ ተሰለፈ። ያን ቡድን የያዘው ካርሎስ ሎይዛጋ ራሱ ከተጫዋችነት የመጣ ሰው ነው። ፊሊፒንስ በ1954 የዓለም ሻምፒዮና ሦስተኛ ስትወጣ ከውድድሩ ምርጥ 5 ተጫዋቾች አንዱ ሆኖ ተመርጦ ነበር።

የእስያ የመጀመሪያው ፕሮፌሽናል ሊግ ፒቢኤ በ1975 ሲቋቋም ጃዎርስኪ ለቶዮታ ፈረመ፤ በ1978ም የሊጉ ኮከብ ተባለ። ቶዮታ ሲፈርስ ሂኔብራ በሚል ስም ወደሚታወቀው የጂን ፋብሪካ ቡድን ገባ። በ1985 ጫማውን ሳይሰቅል አሠልጣኝ ሆነ። በዚያው ዓመት በአንድ ጨዋታ ላይ በክርን ተመትቶ ከንፈሩ ተሰነጠቀ። ሆስፒታል ሄዶ 9 ጊዜ ተሰፋ፤ ጨዋታው ሳያልቅ ተመልሶ ገባና ሲመራ የነበረው ተጋጣሚ እጅ ሰጠ። በአሠልጣኝነት በ1986፣ 1988፣ 1991 እና 1997 ዋንጫ አንስቷል። የ1991ዱ በፍጻሜው ተከታታይ ጨዋታዎች 3 ለ1 ሲመሩ ከነበሩት ተጋጣሚዎች የተነጠቀ ነው። በ1990 የቤጂንግ እስያ ጨዋታዎች ብሔራዊ ቡድኑን ይዞ ብር አመጣ፤ በ1998 ደግሞ ሴናተር ሆኖ ተመረጠ።

ሰው የሚያወራው ስለ ከንፈሩ ነው። ለእርስዎ የሚጠቅመው ሌላው ነው፦ ዕድሜው ሲገፋ ተመልካቹ ስሙን እየጠራ «ይግባ!» ቢልም ራሱን የሚያስገባው ለጥቂት ደቂቃ ነበር። ብዙዎች የሚወድቁት እዚህ ላይ ነው።

አሁን ወደ እርስዎ ቡድን። ከሁሉ በፊት የጨዋታ መመዝገቢያ ወረቀቱን ያስተካክሉ። በፊባ (የዓለም ቅርጫት ኳስ ፌዴሬሽን) ሕግ ቡድኑ አሠልጣኝ ከሌለው አምበሉ ተጫዋች-አሠልጣኝ ይሆናል። ታይም አውት (አጭር የጨዋታ ዕረፍት) መጠየቅ የሚችለው ግን ዋናው አሠልጣኝ ወይም የመጀመሪያ ረዳቱ ብቻ ነው፤ ጥያቄውም የሚቀርበው ለመዝጋቢዎቹ ጠረጴዛ ነው። የአሜሪካውን ሊግ ኤንቢኤን ሲያይ ያደገ ሰው ኳስ ይዞ ሜዳ መሀል «ታይም!» እያለ ዳኛው ላይ ይጮኻል፤ ማንም አይሰማውም። ስለዚህ ቢያንስ ቁጥር የሚወድ፣ የማይጫወት አንድ ሰው ፈልጉና ወረቀቱ ላይ ዋና አሠልጣኝ አድርጋችሁ አስመዝግቡት። ሐሳቡ የእርስዎ ቢሆንም እጁን የሚያነሳው እሱ ይሁን።

ታይም አውት በመጀመሪያው አጋማሽ 2፣ በሁለተኛው 3 ነው፤ ከመጀመሪያው የተረፈ አይሻገርም። በ4ኛው ኳርተር የመጨረሻ 2 ደቂቃዎች ከ2 በላይ መጠቀም ስለማይቻል፣ ሦስቱንም ይዞ እዚያ የደረሰ ቡድን አንዷን አቃጠላት ማለት ነው። ሌላው ቡድን ቅርጫት ሲያገባ ታይም አውት ይሰጣችኋል። እናንተ ራሳችሁ አግብታችሁ ጨዋታው ካልቆመ ግን አይሰጣችሁም።

አምበል ሆነው ራስዎ ቢመዘገቡስ? 5 ፋውል ሞልቶብዎት ከሜዳ ቢወጡ ወንበር ላይ ሆነው ማሠልጠን ይችላሉ። ከጨዋታ በሚያባርር ፋውል ከወጡ ግን ማሠልጠኑም ያበቃል።

ወንበር ላይ ያለው ሰው ሁለት ነገር ይጻፍ፦ የእያንዳንዱን ተጫዋች ፋውልና የቡድኑን ፋውል። በአንድ ኳርተር ቡድኑ 4 ከሞላ በኋላ ተከላካይ የሚሠራው እያንዳንዱ ፋውል ለተጋጣሚ 2 የቅጣት ውርወራ ነው። ሜዳ ውስጥ ያለ ሰው የሚያየው የሚጠብቀውን ተጫዋች ስለሆነ ይህን አይቆጥርም። በ3ኛው ኳርተር 4 ፋውል ያለበትን ረጅም ልጅ ሜዳ ላይ የረሱት አሠልጣኞች ብዙውን ጊዜ ራሳቸው እየተጫወቱ ያሉት ናቸው።

ስለ ደቂቃ ከጠየቁን፣ ከጨዋታው 40 ደቂቃ 18ቱ ይብቃዎት። ጨዋታውን ከወንበር ይጀምሩ፤ ተጋጣሚ ዞን ይከላከል ወይስ ሰው በሰው፣ ማንስ በግራ እጁ መሄድ አይችልም የሚለው በመጀመሪያዎቹ 5 ደቂቃዎች ይለያል። ከዚያ 5 ደቂቃ ይግቡ፤ በ2ኛውና በ3ኛው ኳርተር አራት አራት፣ ቀሪውን 5 ለመጨረሻው ያስቀምጡ። ኳስ ማውጣቱንም ለወጣት ይልቀቁለት። በ8 ሰከንድ መሀል ሜዳ መሻገር እያስጨነቀዎት ወንበሩን ማየት አይችሉም፤ ክንፍ ላይ ቢቆሙ ሁሉም ፊት ለፊትዎ ነው።

ልምምድ በድሬዳዋ ሙቀት ከጠዋቱ 12 ሰዓት ወይም ከ11 ሰዓት በኋላ እንጂ በቀን አይሞከርም። ሜዳው ሲሚንቶ ከሆነ ለጉልበት ሲባል 90 ደቂቃ ይበቃል። የመጀመሪያውን አንድ ሰዓት ፊሽካ ይዘው ከመስመር ውጭ ይቁሙ፤ የሚገቡት አምስት ለአምስት ሲጀመር ነው። ውሃ በየ15 ደቂቃው፤ «ጠማኝ» እስኪሉ አይጠበቅም።

ጥያቄ፦ ከሐረር ነው። እኛ ደግሞ ችግራችን ተቃራኒው ነው። የሚያሠለጥነን ጋሼ አብሮን ይጫወታል፤ አንዴ ከገባ ራሱን አያወጣም። እንዴት እንንገረው?

መልስ፦ በጨዋታ መሀል አትንገሩት፤ ተመልካች ፊት ደግሞ ፈጽሞ። ከልምምድ በኋላ ሻይ ላይ፣ ከእናንተ መሀል በዕድሜ የሚቀርበው አንዱ ያንሳው። «ውጣ» ከማለት ለሁሉም የሚሠራ ደንብ አቅርቡ፦ ማንም ከ6 ደቂቃ በላይ በተከታታይ አይቆይ፣ ቅያሪውን የሚጠራው ሰዓት የያዘው ተጠባባቂ ይሁን፣ የተጠራው ሳይከራከር ይውጣ። ደንቡን ጋሼ ራሱ ለቡድኑ እንዲያነብላችሁ ጠይቁት። በመጀመሪያው ጨዋታም ቀድሞ የሚጠራው የእሱ ስም አይሁን።