ድጎማው በባንክ ነው ወይስ በጆንያ?

ጥያቄ፦ አባቴ ቢዮ አዋሌ ግማሽ ሄክታር ማሽላ ያርሳሉ። ጎረቤታቸው «መንግሥት ለገበሬው ድጎማ በየስሙ ባንክ ያስገባል፤ ያንተን በልተውብህ ነው» ብሏቸው እንቅልፍ አጥተዋል። ማንን ይጠይቁ? (ከቀፊራ፣ ድሬዳዋ)

መልስ፦ አልተበላባቸውም። የማዳበሪያ ድጎማ በገበሬው ስም ባንክ አይገባም። ማዳበሪያው ከውጭ ሲመጣ መንግሥት ከዋጋው የተወሰነውን ይሸፍናል፤ ገበሬው የኅብረት ሥራ ማኅበሩ መጋዘን ላይ የሚከፍለው የቀረውን ነው። ስለዚህ ድጎማው የሚገኘው ጆንያው ሲገዛ ነው። ከነጋዴ በጓሮ በር የገዛ ሰው ድጎማው ቀርቶበታል።

ጎረቤትየው ከሴፍቲኔት ጋር አምታተውት ይሆናል። እሱ ከ1997 ዓ.ም. ጀምሮ ለምግብ እጥረት ለተጋለጠ ቤተሰብ በገንዘብ ወይም በእህል የሚሰጥ ነው፤ የሚታየው የቤተሰቡ ችግር ነው። መሥራት የሚችል እርከንና መንገድ ይሠራበታል። በዚያ ላይ ቅሬታ ካለ የሚቀርበው ለቀበሌው ይግባኝ ሰሚ ኮሚቴ ነው።

ወደ ማዳበሪያው እንመለስ። ብዙ ሰው የሚሸወደው ምዝገባ ላይ ነው። የልማት ሠራተኛው የየገበሬውን ፍላጎት ይመዘግባል፤ ከየቀበሌው የተሰበሰበው ተደምሮ ነው ግዥው የሚወጣው። ዝናብ ሲያጉረመርም መመዝገብ የለየለት መዘግየት ነው። ማዳበሪያው ከጅቡቲ ተጭኖ በድሬዳዋ በኩል ሲያልፍ ብታዩትም፣ ያልተመዘገበበት ማኅበር ጋ አይወርድም።

ሲያስመዘግቡ መሬቱን በሄክታር ያስጽፉ፤ ጥማድ ከቦታ ቦታ ስፋቱ ይለያያል። ስማቸው ከመታወቂያው ጋር ፊደል በፊደል ይመሳሰል። መታወቂያው «መሐመድ» ብሎ መዝገቡ «ሙሁመድ» ካለ፣ ወረፋው ደርሶ ጭቅጭቅ ይነሳል። በተለምዶ የሚመከረው ለሄክታር 100 ኪሎ ኤንፒኤስ (ናይትሮጅን፣ ፎስፈረስና ሰልፈር ያለበት ማዳበሪያ) እና 100 ኪሎ ዩሪያ ነው፤ ለአባትዎ ከእያንዳንዱ አንድ ባለ 50 ኪሎ ጆንያ ይበቃል። ከልማት ሠራተኛው ለአፈሩ የተለየ ምክር ካለ እሱን ይከተሉ።

መጋዘን ላይ ጆንያው ሚዛን ላይ ይውጣ። ስፌቱ በማሽን የተሰፋ ሳይሆን በእጅ የተሰፋ ከሆነ፣ ሳይፈርሙ ያስመዝኑ፤ ከፈረሙ በኋላ ጎደለ ቢሉ ሰሚ የለም። ደረሰኙ ላይ ስም፣ ዓይነት፣ ኪሎና ዋጋ ይጻፍበት። ቤት ሲገባም መሬት ላይ አይቀመጥ፤ እርጥበት ስቦ ይጋገራል።

ዩሪያውን ማሽላው ጉልበት ሲደርስ፣ አፈሩ ርጥብ ሳለ፣ ከግንዱ ራቅ አድርገው አፈር ያልብሱት። የድሬዳዋ አፈር ኖራ የበዛበት ነው፤ በዚያ ላይ ሙቀቱ ተጨምሮ ላይ ላዩን የተበተነ ዩሪያ ጋዝ ሆኖ ይበናል። ከፊሉን ለአየር መስጠት ነው።

ጥያቄ፦ ኤረር ሸለቆ ኦቾሎኒ እዘራለሁ። ዩሪያው በድጎማ ረክሷልና ስንት ልግዛ? (ከሐረር)

መልስ፦ ለኦቾሎኒ ምንም። ናይትሮጅኑን ሥሩ ላይ ካሉት ባክቴሪያዎች ጋር ሆኖ ከአየር ራሱ ይወስዳል፤ ዩሪያ ሲበዛበት ቅጠል ይሆናል እንጂ ፍሬ አይዝም። ማሽላ ካለዎት ለእሱ ይግዙ። ሥሩ እየሠራ መሆኑን ለማየት አበባ ሲይዝ አንድ እግር ነቅለው ሥሩ ላይ ያሉትን እንክብሎች በጥፍር ይሰንጥቁ፤ ውስጣቸው ሮዝ ከሆነ ሥራ ላይ ናቸው፤ ነጭ ወይም አረንጓዴ ከሆነ ግን ለልማት ሠራተኛው ያሳዩ።